ተረትና ምሳሌ ሲጠቀስላችሁ ተቃራኒውንም አስታውሱ

ውሳኔ ላይ ሳላችሁ ሰው ምሳሌያዊ አነጋገር ጣል ካደረገላችሁ፣ ከመወሰናችሁ በፊት ተቃራኒውን ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። «ዝም አይነቅዝም» እንላለን፤ ያልተነገረ ነገር እንደ እህል ነቀዝ አይበላውም ለማለት ነው። በንዴት ለሚንተከተክ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር አላውቅም። ደመወዝ ይጨመርልኝ ለማለት ለፈራ ሰው ግን ይጎዳዋል። ለእሱ የሚሆነው «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ነው፤ ያን የሚያህል ማዕረግ እንኳ ዝም ላለ ሰው ያመልጠዋል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና የእናንተ ጉዳይ ወደ የትኛው እንደሚቀርብ እዩ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እና «ሳይቃጠል በቅጠል»ም እንዲሁ ናቸው፦ የመጀመሪያው ቋንቋ ለሚማር፣ ሁለተኛው ጥርሱን ላመመውና ዕዳ ለተጠራቀመበት።