በሁለተኛ ክፍል የገበያ ጨዋታን ለሒሳብ ትምህርት ማዋል

መደመርንና መቀነስን ከሰሌዳ ላይ መገልበጥ የሰለቸው የሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ በክፍሉ ውስጥ ትንሽ ገበያ ሲዘረጋለት ስሌቱን ሳይታወቀው ይሠራዋል። ወጪው ኢምንት ነው፤ ተማሪዎች ባዶ ጣሳ፣ ጥቂት ባቄላና ሽምብራ ከየቤታቸው ያምጡ፤ ከካርቶን ተቆርጦ በሚዘጋጀው ገንዘብ ላይም 1፣ 5፣ 10 እና 50 ብር እየተባለ ይጻፍበት።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሚዛኑ ነው። አንድ ቀጥ ያለ ዱላ መካከሉ ላይ በሲባጎ ታስሮ ይንጠልጠል፤ በሁለቱ ጫፎቹም እኩል መጠን ያላቸው ፌስታሎች ይታሰሩ፤ ዱላው ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ተማሪዎቹ ራሳቸው ሲባጎውን እያንሸራተቱ ያስተካክሉት። ውሃ የተሞላ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ለመመዘኛነት ያገለግላል።

ሻጭ፣ ገዢና ሒሳብ ያዥ በየ10 ደቂቃው ይለዋወጡ፤ አለበለዚያ ደፋሮቹ ሻጭነቱን ይዘው ይቀራሉ። የ35 ብር ባቄላ ገዝታ 50 ብር የሰጠች ልጅ 25 ብር መልስ ብትቀበል፣ መምህሩ ወዲያው ከማረም ይልቅ ሒሳብ ያዡ በደብተሩ ላይ ቀንሶ ሻጩ 10 ብር መክሰሩን እስኪያገኝ ድረስ ይታገሥ። በእኔ እምነት የጨዋታው ዋና ፍሬ ይህች የዝምታ ጊዜ ናት። «ትንሽ ቀንስልኝ» የሚለው ክርክር ክፍሉን ቢያንጫጫውም መከልከል አይገባም፤ ቅናሹም ተሰልቶ ይመዝገብ።

በመጨረሻም እህሉ በየዓይነቱ ተለቅሞ ለሚቀጥለው ሳምንት በጣሳ ይቀመጥ፤ ሽምብራ አፍንጫው ውስጥ የሚከት ልጅ ስለማይጠፋ ግን ፍሬው ተቆጥሮ ቢመለስ ይመረጣል።