ናርጋ ሥላሴንና ዳጋ እስጢፋኖስን በአንድ ቀን ለማየት

ከባሕር ዳር ተነስቶ በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት የሚገኘውን የናርጋ ሥላሴን ቤተ ክርስቲያንና አጠገቡ ባለው ደሴት ያለውን የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም አይቶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል፤ ይህ የሚሳካው ግን ቀኑና የመነሻው ሰዓት በጥንቃቄ ሲመረጡ ነው። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በአጽዋማት ወራት ቅዳሴ የሚገባው ወደ ቀትር ገደማ ስለሆነ፣ እርስዎ ዳጋ ሲደርሱ ካህናቱ በአገልግሎት ላይ ይሆናሉና የነገሥታት ዐፅም የሚጠበቅበትን ዕቃ ቤት የሚከፍትልዎ ሰው አያገኙም። ከጾም ወራት ውጭ ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይመረጣል።

ጀልባውን በዋዜማው ይከራዩ፤ ከዋጋው ጋር የሚያርፍባቸውን ቦታዎችና በየቦታው የሚጠብቅበትን ጊዜ ቁርጥ አድርገው ይነጋገሩ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ጣናን ስለሚያናውጠው ከንጋቱ 12 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል። በዝግታ በሚሄድ ጀልባ መሄጃው ብቻ እስከ 3 ሰዓት የሚፈጅ በመሆኑ ውሃና ስንቅ፣ ለመግቢያም ዝርዝር ብር ይያዙ።

መጀመሪያ ናርጋ ይሂዱ፤ ከቀኑም ሰፋ ያለውን ጊዜ ለእርሱ ይስጡ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት ይህ ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ የጎንደር ዘመን የድንጋይና የኖራ ሥራ በሐይቅ መካከል ምን ያህል እንዳማረ የሚያሳይ ነው። ጫማዎን አውልቀው ቅኔ ማኅሌቱን ካለፉ በኋላ የመቅደሱን ግድግዳ ቀስ ብለው ይዙሩት፤ ከሥዕሎቹ መካከል እቴጌዪቱ ራሳቸው ልጇን ከታቀፈችው እመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የሚታዩበት አለ። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ለወዳጆቼ የማሳየው ይህንኑ ነው፤ ያሠራችውን ሕንፃ ታላቅነት ያየ ሰው፣ እርሷ ለራሷ የመረጠችውን ዝቅ ያለ ስፍራ ሲያይ ልቡ ይነካልና። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው የተለጠፉ በመሆናቸው በእጅ አይነኩም፤ ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ይጠይቁ፤ ፍላሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ።

ከዚያ ወደ ዳጋ ይሻገራሉ። ዳጋ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም፤ ስለዚህ በቡድኑ ውስጥ ሴቶች ካሉ በናርጋ ጥላ ሥር ቆይተው ጀልባው ተመልሶ እንዲወስዳቸው አስቀድሞ መስማማት ይበጃል። በጀልባ ውስጥ ፀሐይ ላይ ማስጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። ከወደቡ በዛፎች መካከል ወደ ኮረብታው የሚወጣው መንገድ ያደክማል፤ በዕቃ ቤቱ ግን የአፄ ዘርዓ ያዕቆብና ጎንደርን የቆረቆሩት የአፄ ፋሲል ዐፅም ከሌሎች ነገሥታት ጋር ተጠብቆ ይገኛል። ሲገቡ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፤ መነኩሴው ሲያስረዱም አያቋርጧቸው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ ይመለሱ፤ ማዕበሉ ጉዞውን ስለሚያዘገየው ከዚያ የዘገየ ሰው ሐይቁ ላይ ይመሽበታል።