የብረት ትነት የቫክዩም ብሬከርን ሴራሚክ እንዳበላሸው እንዴት ይታወቃል?

ቫክዩም ብሬከር አየር በወጣለት የሴራሚክ ዕቃ ውስጥ ጅረት የሚያቋርጥ የኤሌክትሪክ ማቋረጫ ነው። ጅረት ሲያቋርጥ በኮንታክቶቹ (በሚገናኙትና በሚለያዩት ሁለት ብረቶች) መሃል አርክ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ ይነሳል። ውስጡ አየር ስለሌለ አርኩ የሚነደው ከኮንታክቶቹ በተነነው ብረት ነው። ብረቱ ብዙውን ጊዜ የመዳብና የክሮሚየም ድብልቅ ነው። ጅረቱ ዜሮ ላይ ሲደርስ ትነቱ በማይክሮ ሰከንዶች ውስጥ ይቀዘቅዛል። አብዛኛው ኮንታክቶቹ ላይና በዙሪያቸው ባለው የብረት ሺልድ ላይ ያርፋል። ሺልዱን አልፎ የሾለከው ግን ሴራሚኩን ከውስጥ እንደ ጥላሸት ይለብጠዋል። ይሄ ጥላሸት ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ልባሱ እየወፈረ ሲሄድ ብሬከሩ ክፍት ሆኖም ጅረት በሴራሚኩ ገጽ ላይ ይሾልካል። ሲብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብልጭ ብሎ ይያያዛል።

ኮንታክቶቹን የያዘው የሴራሚክ ዕቃ፣ በሙያው አጠራር ጠርሙሱ፣ የታሸገ ስለሆነ ከፍቶ ማየት አይቻልም። ያለው አማራጭ ከውጭ መለካት ነው፤ እሱም የሰለጠነ ቴክኒሻን ሥራ ነው።

መጀመሪያ ብሬከሩን ከመስመር አውጡት፣ ቆልፉት፣ ኤርዝ አድርጉት። የስፕሪንጉንም ጉልበት ልቀቁ። ቀጥሎ ብሬከሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ የሚያሳየውን ቆጣሪ አንብቡ፤ ስንት ጊዜ ሾርት እንዳቋረጠም መዝገብ ላይ እዩ። ትነት በብዛት የሚወጣው ከባድ ጅረት ሲቋረጥ ነው፤ የተለመደው መክፈትና መዝጋት ያን ያህል አይጎዳም። የኮንታክቱን መበላት የሚያሳየውን ምልክትም እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ። ከኮንታክቱ የጎደለው ብረት የሆነ ቦታ ሄዷል።

አሁን ዋናው ነገር። ከመለካታችሁ በፊት የሴራሚኩን ውጭ ክር በማይተው ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ ቅባት ካለው አልኮል ጨምሩበትና በደንብ ይድረቅ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ከዚያ ንባቡ ሲወርድ ደህናውን ጠርሙስ ይጥላል። አቧራና እርጥበት ሜገሩን (የኢንሱሌሽን መለኪያውን) በቀላሉ ያሞኙታል።

ካጸዳችሁ በኋላ ኮንታክቶቹን ክፈቱና በሁለቱ ጫፎች መካከል በሜገር ለኩ። ሦስቱንም ፌዝ እርስ በርስ፣ ከዚያም ከድሮው ንባብ ጋር አወዳድሩ። አንዱ ከጓደኞቹ በጣም ዝቅ ካለ፣ ወይም በየዓመቱ እየወረደ ከመጣ፣ ልባሱን ጠርጥሩ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግራችሁም።

ከዚያ የሃይፖት (የከፍተኛ ቮልቴጅ) ፍተሻ ይከተላል። አምራቹ በሰጠው የኤሲ ቮልቴጅ፣ ቀስ እያላችሁ ከፍ በማድረግ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ደቂቃ። ዲሲ ከተጠቀማችሁ ደህና ጠርሙስ እንኳ የተበላሸ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ከወደቀ ሽቦዎቹን አገላብጣችሁ ድገሙት። ክፍት ኮንታክት ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጫን ኤክስሬይ ሊወጣ ስለሚችል አምራቹ ካዘዘው ርቀት አትቅረቡ፤ ከታዘዘው ቮልቴጅም አትለፉ። ሲያልቅም ጫፎቹን ብቻ ሳይሆን መሃል ያለውን የሺልድ ቀለበት ኤርዝ አድርጉ፤ ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ሃይፖቱን ደጋግሞ የሚወድቅ ጠርሙስ አይጠገንም፣ አይታጠብም፤ ይቀየራል። መንስኤው ልባስ ይሁን የቫክዩም መጥፋት ውሳኔው ያው ነው። አዲሱ እንደተገጠመ የሦስቱንም ፌዝ ንባብ ከቀኑና ከአየሩ እርጥበት ጋር መዝግቡ።