መድኃኒቱን ዘልሎ ምርመራውን መውቀስ

እናቴ እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ ዕጢው ያመነጭ የነበረውን ሆርሞን የሚተካውን ሌቮታይሮክሲን የተባለ መድኃኒት በየማለዳው ትውጣለች። ባለፈው የቡና ለቀማ ጊዜ አጋሮ ወንድሟ ዘንድ ሰነበተችና ጅማ በተመለሰች በአምስተኛው ቀን ለምርመራ ደም ሰጠች። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነበር፤ ቲ-ፎር (ሆርሞኑ ራሱ) ደኅና፣ ቲኤስኤች (ያ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ የሚለው) ግን በጣም ከፍ ያለ።

«መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ እናቴ?» ቢላት ሐኪሙ፣ «አንድም ቀን አላጓደልኩም» አለች። ቤት ገብቼ እሽጉን ስቆጥር 13 ፍሬ ተርፏል። «ከተመለስኩ ወዲህ ማለቴ እኮ ነው» አለችኝ።

ትልቁ ስህተት ይኸው ነው፤ ብዙ ቀን ዘልሎ ምርመራ ሲቃረብ መትጋት። ቲ-ፎር ሰሞኑን የተዋጠውን ያሳያል። ቲኤስኤች ግን ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ የሚመነጭ ነውና ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ለመስተካከል 6 ሳምንት ያህል ይፈልጋል። የአራት ቀን ትጋት አንዱን ቁጥር አሳምሮ ሌላውን እንዳለ ይተወዋል።

ከዚህ የሚብሰው መደበቁ ነው። ያልተነገረው ሐኪም «መጠኑ አንሷል» ብሎ ይጨምራል። ሕመምተኛዋ የተጨመረውን በትክክል መውሰድ ስትጀምር ልቧ ይመታል፣ እንቅልፍ ታጣለች፤ እየቆየ አጥንትም ይሳሳል። «በሳምንት ሁለት ቀን እረሳለሁ» ብሎ መናገር የሚያሳፍር አይደለም።

አንድ ቀን ቢረሳስ? መድኃኒቱ በደም ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ 7 ቀን ገደማ ስለሚወስድ የአንድ ቀን መርሳት ውጤቱን አያናጋውም። ያው ቀን ትዝ ሲል መውሰድ ነው። የብዙ ቀን ውዝፍ በአንድ ጊዜ መዋጥ ግን፣ በተለይ ልቡን ለሚያመው፣ አይሆንም።

ጅማ ላይ የሚብሰኝ ግን ሌላ ነው፤ ቡና። እናቴ ፍሬዋን በአቦል ነበር የምታወርዳት። ቡና መድኃኒቱ ከአንጀት በደንብ እንዳይመጠጥ ያግዳል፤ ስለዚህ በየቀኑ እየዋጡ የዘለሉ ያህል የሚያስቆጥር ውጤት ሊመጣ ይችላል። በባዶ ሆድ በውኃ ውጦ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት መታገሥ ነው። የብረትና የካልሲየም እንክብል 4 ሰዓት ይራቅ። ረመዳንን የሚጾሙ ጎረቤቶቻችን ከኢፍጣር 3 ሰዓት ያህል ቆይተው፣ ሲተኙ ይወስዱታል።

በምርመራው ጠዋት ደም ሳይሰጡ መዋጥም ቲ-ፎርን ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ያደርገዋል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ይዋጥ።

እናቴ አሁን ፍሬዋን ከውኃ ብርጭቆ ጋር ራስጌዋ ታስቀምጣለች። ቡናው እስኪቆላ፣ እስኪወቀጥና እስኪፈላ አንድ ሰዓቱ ይሞላል። ድጋሚ ምርመራዋ ከ6 ሳምንት በኋላ ነው፤ መጠኑ አልተጨመረም።