በሰሜን ሸዋ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ለሚያዘጋጁ በጎ ፈቃደኞች

ልምድ ያለው ሐኪም የዓይን ሞራ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመትከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ዘመቻ የሚበላሸው ከዚያ በፊትና በኋላ ባሉት ሥራዎች ነው፤ ቀዶ ጥገና የማይጠቅመው ሰው ተመርጦ ይመጣል፣ መሣሪያው በቅጡ ሳይጸዳ ይቀርባል፣ ታካሚው ጠብታውን ይዞ መንዝ ከገባ በኋላ የሚያየው ባለሙያ ያጣል።

ቀን ስትቆርጡ ከአካባቢው ሰው ጋር ተማከሩ። ክረምቱን ተዉት፤ የገጠሩ መንገድ ይቆረጣል። ኅዳር አዝመራ ስለሆነ ማየት የተሳነውን ሰው ይዞት የሚመጣ አይገኝም። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። ሰሙነ ሕማማት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት ውስጥ እንዳይወድቅ ግን አስሉ። ቁስሉ ያልጠና ዓይን ስግደት አይችልም፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰገዱ አባት ደግሞ በዚያ ሳምንት አይስገዱ ቢባሉ እሺ አይሉም።

ፈቃዱ ከአማራ ክልል ጤና ቢሮ ይጀምርና በዞኑ ጤና መምሪያ በኩል ወረዳ ይደርሳል። ከውጭ የሚመጣ ሐኪም ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ፣ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት ደግሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የማስገቢያ ፈቃድ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በእርዳታ የሚሰጥ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ 1 ዓመት የአገልግሎት ጊዜ እንዲቀረው ይላል። ሊበላሽ 3 ወር የቀረው ጠብታ ለተቀባዩ ጤና ጣቢያ የማስወገድ ሥራ ጥሎበት ይሄዳል። የመንገዱን ጸጥታ ከዞኑ ጋር አጣሩ፤ ከመነሻችሁ ቀን በፊትም ደግማችሁ ጠይቁ።

ልየታ

በቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ «ነጻ የዓይን ሕክምና መጥቷል» ካስባላችሁ ዓይኑ የሚያሳክከው ሁሉ ይመጣል፤ ሞራ የጋረዳቸው እናት ከኋላ ተሰልፈው ይመለሳሉ። መልእክቱ ጠባብ ይሁን፦ በ3 ሜትር ርቀት የሰው ጣት መቁጠር ያቃተው ሰው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ3 ወይም ከ4 ሳምንት በፊት ቤት ለቤት ይመዝግቡ። ከዚያ የዓይን ነርስ በየጤና ጣቢያው ይለይ። ያልተማረ ሰው ስለሚበዛ የሚገለባበጠውን የ«ኢ» ሰሌዳ በ6 ሜትር ተጠቀሙ።

ነጭ ብሌን ሁሉ በቀዶ ጥገና አይበራም። ባትሪ አብሩና ታካሚው ብርሃኑ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ሲመጣ ለይቶ ይንገራችሁ፤ ብርሃን ጨርሶ የማያይ ዓይን አይነካም። ብሌኑ ለብርሃን የማይኮማተር ከሆነ ግላኮማ ወይም የነርቭ ጉዳት ሊኖር ይችላል፤ የዓይን ግፊት ለኩ። በእንባ ከረጢቱ ላይ ሲጫኑት መግል ከወጣ ያ ሳይታከም ቀዶ ጥገና የለም። አማራ ክልል ትራኮማ የጸናበት ስለሆነ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የዞረ ብዙዎች ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የዓይን ቆቡ ይስተካከል፣ ሞራው ቆቡ ሲድን ይወጣል። ትራኮማ ኮርኒያውን፣ ማለትም ከዓይኑ ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ አጠልሽቶት ከሆነ ሌንስ መትከል እምብዛም አይጠቅምም፤ ይህን ለቤተሰቡ በግልጽ መንገር ተስፋ ሰጥቶ ከማሳፈር ይሻላል። የደም ግፊት ከ180/110 በላይ ከሆነ ይቆይ፤ ስኳርም ይለካ።

የሌንሱን ቁጥር በኬራቶሜትርና (የኮርኒያውን ጉብታ የሚለካ) በኤ-ስካን (የዓይኑን ርዝመት በድምፅ ሞገድ የሚለካ) አስለኩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሌንስ መትከል ጊዜ ይቆጥባል፤ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ግን መነጽር ካላገኙ በደንብ አያዩም። ለ100 ሰው ወደ 150 ሌንስ ያዙ፤ አብዛኛው ከ19 እስከ 23 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ይሁን። ሰው ሠራሹ ሌንስ የሚቀመጥበት የዓይን ውስጥ ከረጢት ሲቀደድ የሚያገለግሉ፣ ከብሌኑ ፊት የሚተከሉ ሌንሶችም ይጨመሩ።

ደጋው የሚቀይረው ነገር

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ መሐል ሜዳ ከ3,000 ይበልጣል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መሣሪያ መቀቀል ጭራሽ አይታሰብ። የምድጃ ላይ አውቶክሌቭም (በታመቀ እንፋሎት መሣሪያ የሚያጸዳ ድስት) ያታልላል። 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) 121 ዲግሪ የሚሰጠው በባሕር ጠለል ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ያው 15 ፒኤስአይ 116 አካባቢ ላይ ይቆማል። በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒኤስአይ ያህል ጨምሩ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 19 ተኩል ይደርሳል። ክዳኑ ያን ግፊት እንዲችል የተሠራ መሆኑን ከአምራቹ መመሪያ አረጋግጡ፤ ካልቻለ ሌላ አውቶክሌቭ ፈልጉ። የተጠቀለለ መሣሪያ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይቆይ። በየዙሩ ሙቀትንና ጊዜን አብሮ የሚያሳይ ጠቋሚ ወረቀት በጥቅሉ መሐል አስገቡ፤ ከውጭ የሚለጠፈው ፕላስተር ቀለሙን መቀየሩ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች ልዩነቱ ያንሳል።

ጄኔሬተርም ከፍታው ያደክመዋል፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። 5 ኪሎ ቮልት አምፔር የተጻፈበት መንዝ ላይ 3 ተኩል ቢሰጥ ነው፤ አውቶክሌቩና የውሃ ማሞቂያው አብረው ከተነሡ ማይክሮስኮፑ ይጠፋል። ለማይክሮስኮፑ ብቻ የባትሪ መጠባበቂያና ትርፍ አምፖል ይኑር።

የቀዶ ጥገናው ቀን

አንድ ሐኪም ሁለት ጠረጴዛ ይዞ በቀን 30 ሰው ቢሠራ በሰዓት 4 ያህል ይደርሰዋል። ታጥቦ፣ ጸድቶና ቀዝቅዞ ለመመለስ አንድ የመሣሪያ ስብስብ 1 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ 6 ስብስብ ያለ ዕረፍት ይዞራል፤ 10 ቢኖር ማንም አይቸኩልም። ችኮላ ያለበት ቦታ ላይ ካኑላው (ፈሳሽ ወደ ዓይን የሚያስገባው ቀጭን ቱቦ) ውስጥ ሳሙና ይቀራል፤ በማግስቱ የብዙ ሰው ዓይን አንድ ላይ ደፍርሶ ይታያል። ካኑላዎቹን በንጹሕ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ።

የሚሠራው ዓይን ላይ ታካሚው ነቅቶ እያለ፣ ስሙን ከካርዱ ጋር አስተያይታችሁ፣ ከቅንድቡ በላይ ምልክት ለጥፉ። በአንድ ቀን አንድ ዓይን ብቻ ይሠራ። ከመቁረጥ በፊት 5 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ዓይኑ ውስጥ ጨምራችሁ 3 ደቂቃ ጠብቁ። 10 በመቶውን በእኩል መጠን ንጹሕ ሳላይን ማቅጠን ይቻላል፤ ጠርሙሱ ላይ «ስክራብ» የሚለው ግን ሳሙና ስላለበት ኮርኒያ ያቃጥላል፤ ቀዶ ክፍል አይግባ። የሌንሱን፣ የፈሳሹንና የመድኃኒቱን የምርት ቁጥር በየታካሚው ካርድ ላይ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ

በማግስቱ ማሰሪያው ሲነሣ እያንዳንዱ ዓይን ይለካ። የስቴሮይድና የፀረ ተሕዋስያን ጠብታው በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 6 ጊዜ፣ ከዚያ 4፣ 3፣ 2 እያለ ሲቀንስ በ4 ሳምንት 105 ጠብታ ይሆናል። ባለ 5 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 100 ገደማ ነው የሚይዘው፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ ግማሹ ጉንጭ ላይ ይፈሳል። ለአንድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ስጡ፤ አጨማመሩን አስታማሚው ፊታችሁ አድርጎ ያሳያችሁ።

ዓይናቸውን ጭስ፣ አቧራና ውሃ እንዳያገኘው ንገሯቸው። ጠበሉን በተመለከተ እናንተ ከምትከለክሉ የንስሐ አባታቸው ለ4 ሳምንት በመጠጣት ብቻ እንዲሆን ቢነግሯቸው ይሰማሉ፤ ስለዚህ ካህናቱን አስቀድማችሁ አነጋግሩ። በጾም ወቅት ጠብታ ጾም ያስፈታል ብሎ እስከ 9 ሰዓት የሚያቆየውም ስላለ ይህንንም በዚያው አንሡ።

የዓይን ውስጥ ከባዱ ኢንፌክሽን ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 7ኛው ቀን ይመጣል፤ ዓይኑ ያማል፣ ይቀላል፣ አይቶ የነበረው ይደበዝዛል። ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ቡድኑ ሲሄድ ቢያንስ አንድ ሳምንት የሚቆይ የዓይን ነርስ፣ የታካሚዎች ስልክ ዝርዝርና የተዘጋጀ መኪና ይቅር፤ ፀረ ተሕዋስያኑን ቫንኮማይሲን 1 ሚሊ ግራም እና ሴፍታዚዲም 2.25 ሚሊ ግራም፣ እያንዳንዳቸው በ0.1 ሚሊ ሊትር፣ ዓይን ውስጥ የሚወጋ ሐኪም የት እንዳለም አስቀድሞ ይታወቅ። ሁለት ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ሥራውን አቁሙና አውቶክሌቩንና የፈሳሾቹን የምርት ቁጥር መርምሩ።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ዓይናቸው እንደገና ይለካ። የተለመደው መመዘኛ ቢያንስ 80 በመቶው 6/18 (ጤነኛ ዓይን በ18 ሜትር የሚያየውን በ6 ሜትር ማየት) ወይም የተሻለ እንዲያይ፣ ከ6/60 በታች የሚቀረውም ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ውጤቱን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስረክቡ፤ መነጽር የሚያስፈልገውና ሁለተኛ ዓይኑ የሚጠብቀው ሰው ስምና ቀበሌም አብሮ ይግባ።