ጠባብ ግቢ ውስጥ ለብቻ የኳስ መለማመጃ እንዴት ይሠራል

ወሩ ኅዳር ነበር። ኳሷ የቆርቆሮ አጥሩን ነክታ ተመለሰችና አከራዬ ካሰጡት ቡና መሃል ዘጭ አለች። ጅማን ለማያውቅ ልንገረው፦ በዚያ ሰሞን ግቢ ማለት የቡና ማስጫ ነው። ለልብስና ለልጅ የሚደርሰው የተረፈው ጥግ ነው። እትዬ ከጓዳ ወጡ። ቡናውን አዩ፣ ኳሷን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ወይ እሷን እሰራት፣ ወይ አንተን አስርሃለሁ!»

እኔም አሰርኳት። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ሜዳ ላይ ኳሷን የሚመልስላችሁ ጓደኛ አለ። ብቻችሁን ስትሆኑ ግን ግማሹ ሰዓት የሚያልቀው ኳስ ፍለጋ ላይ ነው። አንዴ ቱቦ ውስጥ፣ አንዴ ጎረቤት ግቢ፣ አንዴ የቆመ ባጃጅ ሥር። ስለዚህ ከዚህ በታች የማሳያችሁ ዕቃ ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ ኳሷን ወደ እናንተ መመለስ ወይም እዚያው ማስቀረት። የሚያስፈልገው ገመድ፣ የሽንኩርት መረብ፣ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ ቁራጭ ኮምፔንሳቶና ጥቂት የቡና ጆንያ ነው። ጅማ ተቀምጦ ጆንያ አጣሁ የሚል ሰው፣ አልፈለገም ማለት ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ለኩ

ሜትር ከሌላችሁ በእርምጃ ለኩ። የአዋቂ ሰው ሰፊ እርምጃ ወደ አንድ ሜትር ይጠጋል። 4 በ3 ሜትር ካገኛችሁ እዚህ ያለውን ሁሉ ትሠራላችሁ። 2 በ2 ከሆነም ለተንጠለጠለች ኳስ ይበቃል።

ከዚያ ዙሪያውን ቃኙ። መስኮት፣ የመብራት ቆጣሪ፣ ከሰል ምድጃ፣ የተሰጣ ልብስ። ወደ ላይም ተመልከቱ። የመብራት ሽቦ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ምንም ነገር አትስቀሉ። ግድግዳው የጭቃ ቤት ከሆነ እሱን ተዉት፤ ልስኑ ሲረግፍ ሂሳቡ እናንተ ላይ ነው። የቆርቆሮ አጥርንም ተዉት። አንዴ ሲመታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

ኳሷን ምረጡ

ቁጥር 5 የምንላት የሜዳ ኳስ ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ለጠባብ ግቢ ንጥረቷ ይበዛል። የሚሻለው የፉትሳል፣ ማለትም በጠባብ ሜዳ አምስት ለአምስት የሚጫወቱት እግር ኳስ፣ ኳስ ነው። በሕጉ መሠረት የፉትሳል ኳስ ከ2 ሜትር ከፍታ ስትለቀቅ የመጀመሪያ ንጥረቷ ከ50 ሳንቲ ሜትር ማነስ፣ ከ65 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ጉልበት አካባቢ ትቀራለች እንበል።

እሷ ካልተገኘች ያለችውን አስተካክሉ። ግድግዳ ላይ በከሰል 2 ሜትር ላይ አንድ፣ 65 ሳንቲ ሜትር ላይ ሌላ መስመር አስምሩ። ኳሷን ከላይኛው መስመር ልቀቁ። ከታችኛው ከዘለለች በመንፊያው መርፌ ትንሽ አየር አስተንፍሱና ድገሙ። እስከ መላላት ግን አታድርሷት፤ የላላች ኳስ እግርን መጥፎ አመል ታስተምራለች።

ኳሷን እሰሯት

ከሁሉ የምወደው ይሄንን ነው። እትዬም የሚወዱት ይሄንን ነው።

ሽንኩርት የሚመጣበትን ቀይ መረብ ከረጢት ሁለት አግኙ። አንዱን በሌላው ውስጥ ክተቱት፤ ነጠላው ቶሎ ይቀደዳል። ኳሷን አስገቡ። አፉን ሰብስባችሁ ጠምዝዙት፣ በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። የተረፈውን አንገት ወደ ታች አጥፋችሁ ድጋሚ እሰሩት። ያ እጥፋት ገመዱን የምታስገቡበት ቀለበት ይሆናል።

አሁን ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉ። የማይጠገን የብስክሌት ከመነዳሪ ጠይቁ። ሁለት ጣት ስፋት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ጥብጣብ ቁረጡ። ይሄ ጎማ በመረቡና በገመዱ መሃል ይገባል። ለምን መሰላችሁ? ኳሷ ስትመታ ገመዱን ትነጥቃለች። ጎማው ከሌለ ንጥቂያው በቀጥታ መረቡ ላይ ያርፋል፣ መረቡም ይተረተራል። ጎማው ካለ ይሳብና ይመልሳል።

ገመዱ ናይለን ይሁን። እኔ መጀመሪያ የተጠቀምኩት ቃጫ ነበር። ማታ ኳሷን ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ አስተካክዬ ተኛሁ። ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ስነሳ ኳሷ እጅግ ከፍ ብላለች። ከልጆቹ አንዱ ነካክቷት ነው ብዬ ተቆጣሁ። ልጆቹ አልነኳትም። ቃጫ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲያብጥ ያጥራል። ፀሐይ ሲመታው ተመልሶ ረዘመ። በጅማ ዝናብ ይሄን ማስተካከል የዕለት ሥራ ይሆንባችኋል።

መስቀያው ዛፍ ከሆነ ተጠንቀቁ። ብዙ ግቢ ውስጥ ያለው አቮካዶ ነው። የአቮካዶ ቅርንጫፍ ሲያዩት ወፍራም ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። ግንዱ አጠገብ ያለውን ክፍል ምረጡ። መጀመሪያ በሁለት እጃችሁ ተንጠልጥላችሁ ሞክሩት። እናንተን ከቻለ ኳሷን ይችላል። ከገመዱ ሥር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አድርጉ፤ አለበለዚያ ልጡም ገመዱም ይበላላሉ። ዛፍ ከሌለ የበረንዳው አግዳሚ ይሆናል፣ ጣሪያው ካልነቀነቀ።

ከፍታውን እንደ ልምምዱ ቀይሩ። ለቅብብል ኳሷ ከመሬት ሁለት ጣት ብቻ ትነሳ። ለቴስታ ግንባራችሁ ትክክል ትሁን። ለመረብ ኳስ ምት ደግሞ ዘላችሁ እጃችሁ የሚነካበት ቦታ ላይ ስቀሏት። የመረቡ ከፍታ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ስለሆነ እዚያ ላይ ሲባጎ ወጥራችሁ ከሲባጎው በላይ ምቱ።

የገመዱ ርዝመት የጨዋታውን ፍጥነት ይወስናል። 1 ሜትር ገመድ ላይ ያለች ኳስ ሄዳ ወደ እናንተ ለመመለስ 1 ሰከንድ ያህል ይፈጅባታል። ከ2.5 ሜትር ከፍታ መሬት ድረስ የወረደች 1.5 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ወደ 2 ሰከንድ ለማድረስ 4 ሜትር ገመድ ያስፈልጋል። ጠንክራችሁ ስትመቱ ርቃ ትሄዳለች እንጂ ጊዜው ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ጀማሪ በረጅም ገመድ ይጀምር። እግሩ ሲፈጥን ገመዱን ያሳጥር።

ልምምዱ ቀላል ነው። በቀኝ አንዴ፣ በግራ አንዴ፣ ሳታስቆሙ። እኔ መጀመሪያ ቀን ከዘጠኝ አላለፍኩም፤ ግራ እግሬ ለካ ጌጥ ነበር። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኳሷ ጎን ለጎን ስትወዛወዝ ፊታችሁን በመንገዷ ላይ አታስቀምጡ። የትንንሽ ልጆች ቴስታም ይቅር። የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው 10 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች ኳስ በጭንቅላት እንዳይመቱ የወሰነው ለጭንቅላታቸው ደኅንነት ብሎ ነው።

የጆንያ መጋረጃ

የታሰረች ኳስ አትለጋም። ለጎል ምት ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ፣ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ አጥቂ ሆኖ ነበር። ጎሉ የሰው የብረት በር ነው። ጓ! ጓ! እስከ ማታ። ጆንያ ግን ድምፅ የለውም።

የቡና ጆንያ፣ ያ 60 ኪሎ የሚይዘው፣ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። በጎንና በሥር ያለውን ስፌት ፈትታችሁ ዘርጉት። በትልቁ የጆንያ መርፌና በሲባጎ አያይዛችሁ ስፉት፣ ወርዱና ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ እስኪሆን። የላይኛውን ጠርዝ አጥፋችሁ ስፉና ገመድ አሳልፉበት። በሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ መሃል፣ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ፈቀቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ምስጢሩ መላላቱ ላይ ነው። ታችኛውን ጠርዝ በፍጹም አትሰሩት። እንዲያውም መሬት ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይተኛ። ኳሷ ስትመታው ጆንያው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጉልበቷን ይበላዋል፣ እሷም እግሩ ሥር ቁጭ ትላለች። ከወጠራችሁት ግን ከበሮ ይሆናል፤ ኳሷም ተመልሳ ወደ ቡናው።

አሁን በከሰል ወይም በኖራ ሥዕሉን ሣሉ። ከመሬት 67 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ አግድም መስመር፣ ስፋቱ 2 ሜትር። ቁጥሩን ከጎሉ ነው ያመጣሁት። እውነተኛው ጎል ስፋቱ 7.32፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው፣ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡም 11 ሜትር ላይ ነው። ሁሉንም ወደ 3 ሜትር ርቀት ስታሳንሱት የሚወጣው 2 ሜትር በ67 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከመጋረጃው 3 ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ፣ ያቺ ሳጥን ዓይናችሁ ላይ ከፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ እንደሚታየው ጎል ናት። ከመስመሩ በላይ የመታችኋት ኳስ ሜዳ ላይ ብትሆን ወደ ሰማይ ሄዳለች። ሁለቱ የታችኛ ጥጎች ላይ ቀይ ጨርቅ ስፉ። እዚያ አሥር ሞክሩና ስንቱ እንደገባ በሐቀኝነት ቁጠሩ።

ክረምት ላይ ጆንያውን ማታ ማታ አስገቡት። ከረጠበ ለመድረቅ ቀን ይፈጃል፣ ሽታውም አያስቀርብም።

መላሽ ሰሌዳ

1 ሜትር በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ከኋላው ሁለት እግር ምቱለትና አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ደግፉት፤ ካልሆነ በየምቱ ይሸሻል። ከሥሩ የጎማ ቁራጭ አድርጉ፣ ድምፁን ይቀንሳል። ቀጥ አድርጋችሁ ካቆማችሁት ኳሷን በመሬት ይመልሳል። ወደ ኋላ ትንሽ ካጋደላችሁት ወደ ላይ ያነሳላችኋል፤ በጭንና በደረት ለማብረድ ይሄኛው ነው። በአንድ ንክኪ ምቱ፣ በሁለት ንክኪ ምቱ፣ ርቀቱን አሳጥሩ።

ለድሪብል ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ አሸዋ ሞልታችሁ በአንድ እርምጃ ርቀት ደርድሩ። አለቀ። ወገብ ላይ የምትታሰር ኳስም ትሠራለች፣ ያንኑ መረብ በረጅም የከመነዳሪ ጥብጣብ ከቀበቶ ጋር ማያያዝ ነው። እኔ ግን አልወደድኳትም። ጎማው ሲሳብ ኳሷን የሚመልሰው ወደ እግር ሳይሆን ወደ… ወንድ አንባቢዎች ይገባችኋል።

ጠረጴዛ ቴኒስ ለሚወድ፦ ሕጋዊው ጠረጴዛ 2.74 በ1.525 ሜትር፣ ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር ነው። ለብቻ ግማሹ፣ ማለትም 1.37 ሜትሩ ይበቃል። ከግድግዳ አስጠግታችሁ፣ መረቡ ባለበት ቦታ ሰሌዳ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ሰሌዳው ላይ በ15.25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ መስመር አስምሩ፤ መረቡ እሱ ነው።

ዝናብ ሲይዛችሁ

ጅማ ዝናብ ከክረምት ውጭም ይመጣል። ያኔ ቤት ግቡና የካልሲ ኳስ ሥሩ። አሠራሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ግን በደንብ የሚሠራው ጥቂቱ ነው። መሃሉ ፌስታል ከሆነ ቀላል ትሆናለች፤ ጨርቅ ከሆነ ከባድ። ግማሽ ግማሽ አድርጉ። ጨርቁን በውጭ፣ ፌስታሉን በውስጥ ጠቅጥቃችሁ ካልሲ ውስጥ ክተቱ። አፉን ጠምዝዛችሁ ካልሲውን መልሳችሁ ገልብጡበት፣ እንደገና ጠምዝዛችሁ ገልብጡበት። መጨረሻ ላይ ጫፉን በመርፌ ስፉ። በሲባጎ አትሰሩት፤ ቋጠሮው አንድ ጎኗን ያከብዳትና ወደዚያ ትዞራለች።

ይህች ኳስ አትነጥርም፣ ብርጭቆም አትሰብርም። አልጋና ጠረጴዛ መሃል ባለች ስፍራ ቆማችሁ በእግር ማንሳት ትችላላችሁ። ከካልሲ ኳስ በኋላ እውነተኛዋን ስትነኩ በጣም ቀላል ትመስላችኋለች።

የኔ ግቢ አሁን እንዲህ ነው፦ አቮካዶው ላይ ኳስ፣ ጥጉ ላይ ሰሌዳ፣ አጥሩ ፊት ጆንያ። ጥቅምት ሲያልቅ ግን መጋረጃው ይወርዳል። ቡናው ሲደርስ እትዬ ጆንያቸውን ይቆጥራሉ።