የቱርክን የትምህርት ሥርዓት ተረድቶ የራስን መግቢያ እንዴት ማግኘት ይቻላል

ቱርክ ሄዶ መማር የሚፈልግ ወጣትም ሆነ ልጆቹን ይዞ ኢስታንቡል ወይም አንካራ የሚገባ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ስለ ትምህርቱ የሚሰማው ከጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። የቱርክ ትምህርት ከላይ እስከ ታች ከአንድ ማዕከል የሚመራ በመሆኑ መግቢያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሕጋቸውም በይፋ የተጻፈ ነው። የትኛው መግቢያ የእርስዎ እንደሆነ ካወቁ ለማንም መክፈል ሳያስፈልግዎት ራስዎ ይጨርሱታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ አጠቃላይ አከፋፈሉን ይወቁ

በ2012 በወጣው ሕግ የግዴታ ትምህርት 12 ዓመት ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው አራት ዓመት በሆኑ ሦስት እርከኖች ይከፈላል። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል «ኢልክኦኩል»፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ «ኦርታኦኩል»፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ «ሊሴ» ይባላል። እስከ 1997 ድረስ ግዴታው አምስት ዓመት ብቻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ስምንት ሆነ።

በኢልክኦኩል አንድ መምህር አንድን ክፍል ከ1ኛ ተረክቦ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4ኛ ያደርሰዋል። ቋንቋውን ገና ለሚለምድ የውጭ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ዕድል የለም፤ ስለዚህ ምርጫው በእጅዎ ከሆነ ልጁን በ1ኛ ወይም በ2ኛ ክፍል ቢያስገቡት ይሻላል። ከ5ኛ ክፍል በኋላ ለየትምህርቱ የተለያየ መምህር ስለሚገባ ልጁን በቅርብ የሚከታተል አንድ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ሚኒስቴር ሥር የሆነው በ1924 ነው። ከዚያ በፊት የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች፣ የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤቶችና የውጭ ሚሲዮኖች ትምህርት ቤቶች በየራሳቸው መንገድ ይሄዱ ነበር። ዛሬ በምሥራቅ ቫን ከተማ ያለ ልጅና በምዕራብ ኢዝሚር ያለ ልጅ በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ይማራሉ፤ መማሪያ መጻሕፍቱም በነፃ ይታደላሉ። በመስከረም 2024 አዲስ ሥርዓተ ትምህርት በ1ኛ፣ በ5ኛና በ9ኛ ክፍል ተጀምሮ በየዓመቱ ወደ ላይኛው ክፍል እየተሸጋገረ ነው። ስለዚህ አጋዥ መጽሐፍ ሲገዙ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ፣ ለአዲሱ ሥርዓት የተዘጋጀ መሆኑን ያረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ልጁን ያስመዝግቡ

የመንግሥት ትምህርት ቤት ምደባ በመኖሪያ አድራሻ ነው። እስከ መስከረም መጨረሻ 69 ወር የሞላው ልጅ 1ኛ ክፍል ይገባል፤ ከ66 እስከ 68 ወር ያለውን ልጅ ወላጁ በጽሑፍ ጠይቆ ማስገባት ይችላል። የውጭ ዜጋ ቤተሰብ በመጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃድ ያወጣል፤ ለልጁም በ99 የሚጀምር የመታወቂያ ቁጥር ይሰጠዋል። ያለዚያ ቁጥር ምዝገባው አይራመድምና ቤት ሲከራዩ አድራሻዎን ወዲያው ያስመዝግቡ።

ልጁ ከፍ ያለ ክፍል ላይ ከሆነ ከኢትዮጵያ ያመጣው የትምህርት ማስረጃ ተተርጉሞ ለክፍለ ሀገሩ የትምህርት ዳይሬክቶሬት ይቀርብና የስንተኛ ክፍል እኩያ እንደሆነ ይወሰንለታል። ይህ ወረቀት «ዴንክሊክ» ይባላል።

ትምህርት በመስከረም ይጀመርና በሰኔ ያበቃል። በትምህርት ዓመቱ አጋማሽ ሁለት ሳምንት፣ በኅዳርና በሚያዝያ አካባቢ ደግሞ አንድ አንድ ሳምንት ዕረፍት አለ። ተማሪ በበዛባቸው ሰፈሮች እንደ እኛው በፈረቃ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ።

ደረጃ 3፦ ለ8ኛ ክፍል ፈተና አስቀድመው ይዘጋጁ

8ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ «ሌጌሴ» የሚባል አገር አቀፍ ፈተና አለ። ከ2018 ጀምሮ በዚህ መልክ የሚሰጥ ሲሆን 90 ጥያቄዎች አሉት፤ 50ው የቋንቋና የማኅበራዊ፣ 40ው የሒሳብና የሳይንስ ነው። ሦስት የተሳሳቱ መልሶች አንድ ትክክለኛ መልስ ያጠፋሉ፤ ስለዚህ ግምት ዋጋ ያስከፍላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው ይህ ፈተና የልጁን ሕይወት የሚወስን ስለሚመስለው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በፈተና ውጤት ተማሪ የሚቀበሉት ጥቂት ተመራጭ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ አብዛኛው ተማሪ በአድራሻው አቅራቢያ ወዳለ ሊሴ ይመደባል። ፈተናውን መውሰድም ግዴታ አይደለም።

ከውጤቱ ይልቅ ወሳኙ የሊሴው ዓይነት ነው። «ፌን ሊሴሲ» በሳይንስና በሒሳብ ላይ ያተኩራል። «አናዶሉ ሊሴሲ» ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ አጠቃላይ ትምህርት ነው። የሙያና ቴክኒክ ሊሴው ከኤሌክትሪክ እስከ ጤና ድረስ ሙያ ያስይዛል፤ «ኢማም ሃቲፕ» መደበኛውን ትምህርት ከእስልምና ትምህርት ጋር ያጣምራል። የሙያ ትምህርቱን አሳንሰው አይዩት፤ ቶሎ ሥራ መያዝ ለሚፈልግ ልጅ ጥሩ መንገድ ነው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግባትንም አይከለክልም።

ደረጃ 4፦ የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን አሠራር ይረዱ

ከ12ኛ ክፍል በኋላ ያለው ፈተና «ዬኬሴ» ይባላል። የሚያወጣው «ኦሲም» የሚባለው የፈተና ተቋም ነው፤ በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ይመዘገባል። የመጀመሪያው ክፍል ሁሉም የሚወስደው 120 ጥያቄ ያለው መሠረታዊ ፈተና ነው። ሁለተኛው እንደ ተማሪው ዝንባሌ በሳይንስ፣ በማኅበራዊ ወይም በሁለቱ ቅልቅል የሚፈተንበት ነው። ቋንቋ ማጥናት የሚፈልግ ደግሞ የውጭ ቋንቋ ፈተና ይቀመጣል። እዚህ አራት ስህተት አንድ ትክክለኛ መልስ ይሰርዛል።

የሊሴው አማካይ ውጤትም እስከ 60 ነጥብ ይጨምራል። አንድ ተማሪ ተመድቦ ሳለ በሚቀጥለው ዓመት ዳግመኛ ቢፈተን ግን ይህ ጭማሪ በግማሽ ይቀነስበታል፤ ስለዚህ የማይፈልገውን ክፍል በምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት የለበትም። ዝርዝሩ እስከ 24 ምርጫ ይይዛል።

ዩኒቨርሲቲዎቹን የሚቆጣጠረው በ1981 የተመሠረተው «ዮክ» ነው። የሙያ ዲፕሎማ ሁለት ዓመት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ አራት ዓመት፣ የጥርስ ሕክምናና ፋርማሲ አምስት፣ ሕክምና ስድስት ዓመት ይወስዳል። ከመንግሥት ተቋማት ሌላ በፋውንዴሽን የሚተዳደሩ፣ ክፍያ የሚጠይቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1984 የተመሠረተው ቢልኬንት ነው። ቦአዚቺና የመካከለኛው ምሥራቅ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ሆነው በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ቋንቋው የማይበቃው ተማሪ አንድ ዓመት የዝግጅት ትምህርት ይወስዳል።

ደረጃ 5፦ ከኢትዮጵያ የሚያመለክቱ ከሆነ የውጭ ዜጋውን መግቢያ ይጠቀሙ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው። ኢትዮጵያ ውስጥ 12ኛን የጨረሰ ተማሪ ወደ ቱርክ ለመግባት «ዬኬሴ» አይጠበቅበትም። ሦስት መንገድ አለው።

አንደኛው ከ2012 ጀምሮ የሚሰጠው የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ «ቱርኪዬ ቡርስላሪ» ነው። ማመልከቻው በራሱ ድረ ገጽ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጥር 10 እስከ የካቲት 20 በአውሮፓ አቆጣጠር ይከፈታል። ምንም ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅዎትን ሰው አይመኑ። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ለማስተርስ ከ30 በታች፣ ለፒኤችዲ ከ35 በታች መሆን አለበት። ውጤት ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 70፣ ለማስተርስና ፒኤችዲ 75፣ ለሕክምናና መሰል የጤና ዘርፎች 90 በመቶ ይጠየቃል። የትምህርት ክፍያ፣ የወር ድጎማ፣ ማደሪያ፣ የጤና ዋስትና፣ የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬትና የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ይሸፍናል። ቃለ መጠይቅም አለው። የፍላጎት ማብራሪያ ጽሑፍዎን ከሌላ ሰው አይገልብጡ፤ በቃለ መጠይቁ የጻፉትን እንዲያብራሩ ሊጠየቁ ይችላሉ።

ሁለተኛው ለውጭ ዜጎች የሚሰጠው የ«ዮስ» ፈተና ነው። ዋና ይዘቱ ሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄ ነው። በራሱ ወጪ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መማር ለሚፈልግ የሚሆን መንገድ ነው። ሦስተኛው ለፋውንዴሽን ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ማመልከት ነው፤ ብዙዎቹ በ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ ይቀበላሉ፣ ክፍያው ግን ከባድ ነው።

ደረጃ 6፦ ከመነሳትዎ በፊት ወረቀቶችዎን ያጠናቅቁ

የ12ኛ ክፍል ውጤትዎንና ትራንስክሪፕትዎን አስተርጉመው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በቱርክ ኤምባሲ ያረጋግጡ። እዚያ ሲደርሱ ዴንክሊኩን ያውጡ፣ የተማሪ መኖሪያ ፈቃዱንም ጊዜው ሳያልፍ ይጠይቁ። ትምህርቱ በቱርክኛ ከሆነ የዝግጅት ዓመቱን ቀለል አድርገው አይዩት፤ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ቋንቋውን በከፍተኛ ደረጃ መቻሉን በፈተና ማሳየት አለበት። ለመመለስ የሚያስብ ደግሞ የሚማርበት ዩኒቨርሲቲና ክፍል በአገር ቤት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ለአቻ ግምት ተቀባይነት እንዳለው ከመመዝገቡ በፊት ይጠይቅ።